«ጳጳስ፣ ብላ» ያለው ስልክ

ነሐሴ ላይ ሮም ውስጥ የሚቀር ሰው ወይ መሄጃ የለውም፣ ወይ የታመመ ሰው ይዟል፣ ወይ ደረጃ ይወለውላል። እኔና እማዬ ወልዋዮቹ ነን። እሷ ዓመቱን ሙሉ ትሠራለች፣ እኔ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ባልዲውን እሸከምላታለሁ፤ ጉልበቷን ያማታል። አሁን የማጫውታችሁ ባለፈው ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ፣ ፒኜቶ ሰፈር ባለ አንድ አሮጌ ፓላዞ፣ ማለትም ባለፎቅ መኖሪያ ሕንጻ፣ ውስጥ የገጠመኝን ነው። ብዙ ጊዜ በአፌ አውርቼዋለሁ። ስጽፈው ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ደስ ብሎኝ ከረዘመብኝ ታገሡኝ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት እዚሁ ሮም ነው። አማርኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም፤ ግን አፌን ስከፍት ጣሊያንኛው ቀድሞኝ ይወጣል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተርሚኒ አጠገብ እማዬ ጓደኞቿን የምታገኝበት ምግብ ቤት እንገባለን። «ፈረንጇ መጣች፤ እስቲ አንድ ነገር በዪልን» ይሉኛል። እላለሁ፣ ይስቃሉ። ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ቀስ በቀስ እዚያ ቤት ውስጥ አንገቴን ነቅንቄ ብቻ ሰላም ማለት ለመድኩ። ፊደልም አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ላሉት ለአክስቴ ልጆች በስልክ የምጽፍላቸው አማርኛውን በጣሊያን ፊደል እየገለበጥኩ ነበር።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ቀኑ የፌራጎስቶ ዋዜማ ነው። ፌራጎስቶ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከተማውን ጥሎ ባሕር የሚወርድበት በዓል ነው። የክፍል ጓደኞቼ ከጠዋት ጀምሮ ከኦስቲያ የአሸዋና የውሃ ፎቶ ይልኩልኛል። ለእኛ ደግሞ ፍልሰታ ነበር፤ እኔ ባልጾምም እማዬ እህል ሳትቀምስ ነው የምትሠራው። ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የተኛ ይመስላል፤ ቢወለወልም አይወጣም። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ እማዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ያኔ ከላይኛው ፎቅ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማን። በአማርኛ።

«ጳጳስ፣ ብላ።»

እርስ በርስ ተያየን። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከእኛ በቀር አማርኛ የሚያውቅ የለም። ድምፁ የዜና አንባቢ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፣ የማያዝን።

«ጳጳስ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ። ጳጳስ፣ ነገ ሐኪሙ ይመጣል።»

«በስመ አብ» አለች እማዬ። «ጳጳስ ነው ያለችው?»

«መሰለኝ።»

«እዚህ? ሊፍት በሌለው ቤት?» ትንሽ አሰበች። «ደግሞ አንተ ትላቸዋለች። ምን ያለች ስድ ናት?»

ቀጥሎ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «በልቻለሁ» አለ፤ እሱም በአማርኛ።

እማዬ ጉልበቷን ረስታ ተነሣች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ለነፋስ ተብሎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ ብሩኖ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ ለዓመታት ደረጃው ላይ «ቦንጆርኖ ሲኞር ብሩኖ» ስትላቸው የኖረቻቸው ሰው ናቸው፤ መልካቸው ጠየም ያለ ቢሆንም የደቡብ ጣሊያን ሰው እያልን አልፈናቸዋል። አጠገባቸው ልጃቸው ሲኞራ ፓኦላ በአንድ እጇ ማንኪያ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ቆማለች። ሌላ ሴት በቤቱ ውስጥ የለም። ስታወራ የነበረችው ስልኳ ናት።

«ስሚ» አለችኝ ሲኞራ ፓኦላ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። «አንቺ ይሄን ቋንቋ ታውቂዋለሽ አይደል? ይሄ ስልክ በትክክል ነው የሚናገረው?»

ምን እንደሆኑ ቆማ ነገረችን። አባቷ በሰኔ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷቸው ነበር። ሲነቁ ጣሊያንኛቸው የለም። ሐኪሞቹ አንዳንዴ እንደዚህ ይሆናል፣ ልጅ ሳሉ የለመዱት ቋንቋ ብቻ ይተርፋል አሏት። የተወለዱት አዲስ አበባ ነው፤ እናታቸው ኢትዮጵያዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ መካኒክ። በወጣትነታቸው ወደዚህ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ አንድም ቀን አማርኛ ተናግረው አያውቁም። ስለዚህ እሷ በጣሊያንኛ ትጽፋለች፣ ስልኩ ይተረጉምና በአማርኛ ድምፅ ያነብላቸዋል።

«ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። መዋጥ ይችላል፣ እምቢ ነው የሚለው። ዶቶሬሳዋ ለእረፍት ከመሄዷ በፊት ነገ ጠዋት ትመጣለች። ካልበላ ወደ ሆስፒታል ይመለስና በአፍንጫው ሶንዲኖ ይገባለታል።» ዶቶሬሳ ሴት ሐኪም ናት፤ ሶንዲኖ ቀጭን የመመገቢያ ቱቦ ነው። «ባለፈው ነቀለው። ከዚያ እጁን አልጋው ላይ አሠሩት። ድጋሚ ታስሮ ማየት አልችልም።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ለማልቀስም የደከማት ነበር የምትመስለው።

ስልኩን ተቀብዬ የጻፈችውን አየሁት። እሳት ላይ እንዳለ ሰው በጥድፊያ ነው የጻፈችው። በጣሊያንኛ «ፓፓ» ብሎ አባት ለማለት መጨረሻዋ ፊደል ላይ ጭረት ይደረጋል፤ ጭረቷ ከቀረች ቃሉ የሮማው ጳጳስ ይሆናል። ጭረቷን ረስታታለች።

«ሲኞራ ፓኦላ፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ለምን?»

«ጳጳስ እያልሻቸው ነው።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ከሐሙስ ጀምሮ?»

እማዬ በሩ ላይ ሆና ሳቋን በክንዷ ሸፈነች።

ጭረቷን አስገባሁና ተጫንኩት። «አባቴ፣ ብላ» አለች ሴትዮዋ በዚያው የዜና ድምፅ። ጋሽ ብሩኖ ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት። «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አሉ። «ከጠዋት ጀምራ ታዘኛለች።»

«ምን አለ?» አለች ፓኦላ።

«ሴትዮዋ ማን ናት ይላሉ።»

«የቷ ሴትዮ?»

ስልኩን አሳየኋት። እማዬ ጣልቃ ገባች። «ሽማግሌ ሰው አንተ ይባላል እንዴ? አንቱ እንድትል አድርጊያት።» ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ እዚህ አገር አንቱ የሚባለው ሰው የሚጠራበት ቃልና «እሷ» የሚለው ቃል አንድ ነው። አክብሬ ጻፍኩ። ስልኩም አከበረና «እሷ ትብላ» አለ።

ጋሽ ብሩኖ ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። «ትብላ፣ ትብላ» አሉ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ስልኩን አስቀምጪው ብላ ራሷ ገባች። እጇን ታጠበች፣ ፊታቸው ተንበረከከች፤ በዚያ ጉልበቷ። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ፊታቸው ፈታ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ እንደምን ዋልሽ?» ጥርት ያለ አማርኛ፤ ከእኔ እጅግ ይሻላል። ሾርባው ዶሮ ስላለበት እማዬ አልቀመሰችውም። እኔን አስቀመሰችኝና በማንኪያ አነሣችላቸው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

«በልቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኔ ልሙትልዎ።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

እማዬ ማንኪያውን መለሰችው። «ይሄ የእንግዳ መልስ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሰው ቤት ያሉ መስሏቸዋል።» ወደ እሳቸው ዞራ «ጋሼ፣ ይሄ'ኮ የራስዎ ቤት ነው» አለቻቸው።

ወደ በሩ አዩ። «አባባ ሳይመጣ አይበላም» አሉ።

ለፓኦላ ነገርኳት። ግድግዳውን ተደገፈችና «አያቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው» አለች።

እማዬ ደረጃው መሃል የተወችው ባልዲ ነበር፤ የሕንጻው ኃላፊ ከምሳ በፊት ያልተወለወለ ደረጃ ካየ ሌላ ሰው አያጣም። «አንቺ ቆዪላቸው» ብላኝ እያነከሰች ወረደች። ፓኦላ ሾርባውን እንደገና አሞቀችው። በረደ። እንደገና አሞቀችው። መጨረሻ ላይ ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት፤ ማንኪያው እጇ ላይ ነበር። ጋሽ ብሩኖ በሩን ይጠብቃሉ። እኔ ሁለቱን እጠብቃለሁ። ከውጭ የሚሰማ ነገር የለም፤ መንገዱ ባዶ ነው። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ስለደከመው እኔም የእነሱ ድካም የተጋባብኝ መሰለኝ።

ስልኳን አነሣሁ። በጣሊያንኛ ከምጽፍለት በአማርኛ ብጽፍለት ሴትዮዋ ይሻላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ፊደል ግን ስልኩም የለው፣ እኔም አላውቅ። ለአክስቴ ልጆች እንደምጽፈው በጣሊያን ፊደል ጻፍኩት፦ አባዬ፣ ቤት ነው፣ ና እንብላ። ልጅቷ ለአባቷ የምትለው ይሁን ብዬ ነው። ከዚያ የድምፁን ምልክት ተጫንኩ። የተጫንኩት ግን የአማርኛውን ሳይሆን የጣሊያንኛውን ነበር።

የጣሊያንኛው ድምፅ ወንድ ነው። ፓኦላ የቢሮ መልእክቶቿን የሚያነብላት እሱ ነው። ምንም ሳይጠራጠር፣ የራሱ ቋንቋ መስሎት አነበበው።

«አባዬ፣ ቤት ኔኡ። ና ኢንብላ።»

ጋሽ ብሩኖ ዞሩ። ቀስ ብለው አይደለም፤ ሲጠሩት እንደሚዞር ሕፃን ነው የዞሩት።

«አባባ?» አሉ። «ቆየህ።»

የሆነውን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። በአማርኛ አባዬ የሚባለው አባት ብቻ አይደለም፤ አባትም ትንሽ ልጁን አባዬ ይለዋል። እኔ ለአባት የጻፍኩትን እሳቸው ከአባት ሰሙት። በዚያ አነጋገር ደግሞ፣ ፊደሉ ሁሉ በጣሊያን ምላስ እየተረገጠ፣ አማርኛ ሲናገር የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ማንኪያውን ከፓኦላ እጅ ወስጄ ሾርባውን አቀረብኩላቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ዋጡ። ሁለተኛውን ራሳቸው ይዘው በሉ፤ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ፓኦላን የቀሰቀሳት ማንኪያው ሳሕኑን ሲነካ የተሰማው ድምፅ ነው።

«አትንቀሳቀሺ» አልኳት።

ጋሽ ብሩኖ በጉንጫቸው እንደያዙ «መኪናው ተሠራ?» አሉ። ለስልኩ ነው። ጻፍኩ። «ተሴራ» አለ ስልኩ። «ማን አመጣው?» «ሰውዬው» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልበል? እሳቸው ግን ሰውዬውን ያወቁት መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው በሉ።

እማዬ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ «ቼሪውንም ብላ» የሚል የወንድ ድምፅ ሰማች። «ቀሪውንም» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ፊደል ሳትኩ። በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ስልኩ ነው።»

አዳመጠች። «ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው ሽማግሌ ጣሊያን እንደዚህ ነበር የሚያወሩት። ቁርጥ እሳቸውን።» ከዚያ ድንገት ትዝ አላትና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «አንተ ነው የምትያቸው?»

«አባታቸው ነኛ።»

እማዬ ባልዲው ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ሳቅ ነው የሚመስለው። ፓኦላም ምን እንደተባለ ሳታውቅ ሳቀች።

ግን ልንገራችሁ፣ የሽማግሌ አባት መሆን ያደክማል። ራታቸውንም እንደዚያው አበላናቸው። ይጠይቃሉ፣ እጽፋለሁ፣ ስልኩ ይናገራል። ስለማላውቀው ከተማ፣ ስለማላውቀው መኪና። አንዳንዴ ጣቴን አንሥቼ ይሄ ውሸት አይደለም ወይ እያልኩ ፓኦላን አያታለሁ። እሷ የምታየው ሳሕኑን ነው።

በማግስቱ ጠዋት እማዬን አስፈቅጄ በባዶው ትራም ብቻዬን መጣሁ። ዶቶሬሳዋ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች፤ ጫማዋ የባሕር ጫማ ነው፣ ቦርሳዋ ግን የሆስፒታል። ፓኦላ የትናንቱን ነገረቻት። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለች ዶቶሬሳዋ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። «አሁን ይብላ።»

የትናንቱን ተጫንኩት። «አባዬ፣ ቤት ኔኡ። ና ኢንብላ።»

ጋሽ ብሩኖ ዞሩ፤ ማንኪያውን ግን አላነሡም። «አባባ፣ እማማ የት ናት?» አሉ።

ጣቴ ስልኩ ላይ ቀረ። መኪና ቢሆን ተሠራ እላለሁ። ስለ እናት ምን ይጻፋል? ትመጣለች? እሷንም ቁጭ ብለው ሊጠብቁ ነው። የለችም? ዶቶሬሳዋ ሰዓቷን አየች። ጋሽ ብሩኖ ደግመው ጠየቁ። ሳሕኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ምን አለ?» አለች ፓኦላ።

«እናታቸውን ነው። የምጽፈው ነገር የለኝም።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ሌላ ሰው ልትጠራ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን የጻፍኩትን አየችው። በጣሊያን ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ታነበዋለች፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይሄ ነገር አንዳችንም አእምሮ ውስጥ አልመጣም ነበር። አባቷ ፊት ቁጭ አለችና ቃል በቃል አነበበችላቸው።

«አባዬ። ቤት ኔኡ። ና ኢንብላ።»

ልክ እንደ ስልኩ ነው። ልክ እንደ መካኒኩ። ግን ደክሟት የጎረነነ የራሷ ድምፅ ነበር፤ መሃል ላይም ትንፋሽ አጥሯት ቆማለች።

ጋሽ ብሩኖ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፤ ሾርባ ነክቷት ነበር።

«ቆየሽ» አሉ።

ማንኪያውን አነሡ። ዶቶሬሳዋ እስከ ሦስተኛው ጉርሻ ቆማ ተመለከተች። ከዚያ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች። «ቫ ቤኔ» አለች፤ እሺ እንደማለት። «ሶንዲኖው ይቆይ።» ደረጃውን ስትወርድ የባሕር ጫማዋ ሲጠፈጠፍ ይሰማ ነበር።

«ምን አለኝ?» አለች ፓኦላ፣ ዓይኗን ከአባቷ ሳትነቅል።

በጣሊያንኛ ዘገየሽ ማለት ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያ አልበቃኝም። ለስልኩ ትናንት «ቆየህ» ነበር ያሉት። «ቆየሽ» ያሉት ለሴት ነው፣ ለቅርብ ሰው ነው፣ ሲጠብቁት ለነበሩት ሰው ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ወንበሩን ትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ራሷን አባቷ ጉልበት ላይ አድርጋ እሳቸው እስኪጨርሱ ቆየች።

እማዬ እስከ ዛሬ «እናታቸው መስላቸው ይሆናል» ትላለች። እኔ አይመስለኝም፤ እናታቸው እንደዚያ ዓይነት አማርኛ አትናገርም ነበር። በእርግጠኝነት ግን አላውቅም፤ ለፓኦላም አልነገርኳትም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ ጋሽ ብሩኖ አልዳኑም። ጣሊያንኛው እየተቆነጠረ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን ልጃቸውን በስሟ ይጠሯታል፣ አንዳንድ ቀን እኔን ማን ነሽ ይሉኛል። ፓኦላ አሁንም ደክሟታል። የእማዬ ጉልበትም እንደነበረ ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። በመስከረም እማዬን ፊደል አስተምሪኝ አልኳት። መጀመሪያ ያሰብኩት ያቺን የስልክ ሴትዮ በደንብ ለማናገር ነበር። ፊደሉን ሳውቅ ግን ሴትዮዋም ብዙ ነገር እንደማታውቅ ደረስኩበት። «ገና አልመጣም» ብዬ ስጽፍላት የገናን በዓል ታነብልኛለች። ጣሊያኖች የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፉታል፤ የእኛ ፊደል ግን ለአንባቢው ይተወዋል። እናንተ አሁን ይህን ስታነቡ የቱ እንደሚጠብቅ የቱ እንደሚላላ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ ይህን ከሚያውቁት ሰዎች መሃል የገባሁት። ተርሚኒ ያለው ምግብ ቤትም ስገባ አወራለሁ። አሁንም ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እንደ እኔ ያለ አማርኛ ሲሰማ ቤቱ የገባ የሚመስለው ሰው አውቃለሁ።

ፓኦላ ስልኩን አታናግረውም፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አስተምራታለሁ። የጣሊያን እናቶች ልጃቸው ጥሩ ሲበላላቸው፣ ቃል በቃል ብንወስደው፣ «በላኝ» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ እያለሁ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እረፍት ላይ ኮሪደር ወጥቼ ከፈትኩት። በራሷ ድምፅ፣ አንድ ቃል አንድ ቃል እየለቀመች፣ ኩራት በኩራት ሆና፣ «አባዬ ዛሬ በላኝ» ትላለች። የጎደለችው አንዲት ል ናት። ቅዳሜ እነግራታለሁ።